ዕቃው ተመልሶ ክፍያው ሲቀጥል፦ የ«አሁን ግዛ፣ በኋላ ክፈል» ውልን መሞገት

እንበልና አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እናት የ240 ዶላር የሕፃን ጋሪ በስልኳ ገዛች። ዋጋው በአራት ተከፍሎ ተቀምጧል፦ ዛሬ 60 ዶላር፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ 60፣ 60፣ 60። ወለድ የለውም። ጋሪው ሲመጣ አንዱ ጎማ ተሰብሯል። በሳምንቱ መልሳ ላከችው፤ ሻጩም «ደርሶናል፣ ተመላሹን እያጣራን ነው» ብሎ ኢሜይል ጻፈላት። በአሥራ አራተኛው ቀን ሁለተኛው 60 ዶላር ከዴቢት ካርዷ ተነሣ። አበዳሪው ድርጅት ጋ ብትደውል «የመመለሱን ነገር ከሻጩ ጋር ጨርሺ» አሏት። ሻጩ ጋ ብትደውል «የክፍያውን ነገር ከእነሱ ጋር ተነጋገሪ» አሏት። ሦስተኛው ክፍያ ሲደርስ ሒሳቧ ውስጥ የነበረው 41 ዶላር ነው።

እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሣ ጭቅጭቁ ሁሉ ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ዙሪያ ይዞራል፤ የአምራቹ ነው? የአጓጓዡ? የሻጩ? በዚህ ዓይነቱ ዱቤ ላይ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ገንዘቡ ማን እጅ ይቆያል? ገዢው እጅ ከቆየ ሻጩና አበዳሪው ጉዳዩን ቶሎ ለመቋጨት ይጣደፋሉ። እነሱ እጅ ከገባ ደጅ የሚጠናው ገዢው ነው። እዚህ የምንዳስሳቸው አገሮች ሕጎች የሚለያዩት በአብዛኛው ለዚህች ጥያቄ በሰጡት መልስ ነው። (የውጭ አገሮቹ ቀናትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሰፈራችን የሱቅ ዱቤ ይህ ጣጣ አልነበረበትም። ባለሱቁ ሻጭም አበዳሪም ነው፤ ዘይቱ የተበላሸ ከሆነ ደብተሩ ላይ ያለው ሒሳብ እዚያው ይሰረዛል፣ ካልሆነም እዚያው ይጨቃጨቁበታል። አዲሱ ዱቤ ግን ሦስት ወገን አለው። አበዳሪው የራሱን ኮሚሽን ቆርጦ ለሻጩ ወዲያው ይከፍላል፤ ከዚያ ወዲያ የገዢው ዕዳ ለአበዳሪው ነው። ጣት አንዴ ስክሪን ሲነካ ሁለት ውል ተፈርሟል፣ የሽያጭና የብድር። ሻጩ የብድሩን ውል አላየውም፣ አበዳሪው ዕቃውን አላየውም። ሁለቱንም የፈረመው ገዢው ብቻ ነው፤ እሱም አላነበባቸውም።

ጉዳዩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚነካ አይደለም። የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ በ2021 መጨረሻ አፈርም፣ አፍተርፔይ፣ ክላርና፣ ፔይፓልና ዚፕ የተባሉት አበዳሪዎች መረጃ እንዲያቀርቡ አዘዘ። በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት የአምስቱ ድርጅቶች ብድር በ2019 ከነበረበት 16.8 ሚሊዮን በ2021 ወደ 180 ሚሊዮን አድጓል፤ በገንዘብ ደግሞ ከ2 ቢሊዮን ወደ 24.2 ቢሊዮን ዶላር። የአንዱ ግዢ አማካይ መጠን 135 ዶላር ነበር። በዚያው 2021 ከብድሮቹ 13.7 በመቶ ያህሉ ላይ የተገዛው ዕቃ በሙሉም ሆነ በከፊል ተመልሷል። ቢሮው በኋላ እንደገለጸው በዓመቱ የተመለሰው ወይም ክርክር የተነሣበት ገንዘብ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። ሌሎችም አቤቱታዎች አሉ፦ ያልደረሰ ዕቃ፣ ያልተገባ የመዘግየት ቅጣት፣ በስሜ ሌላ ሰው ገዛበት የሚል። የአብዛኛው ክርክር እምብርት ግን ያው የተመለሰው ዕቃና ያልቆመው ክፍያ ነው።

ይህን ክርክር ስልክ አልፈጠረውም። በ1960ዎቹ ኒው ጀርሲ ውስጥ ኦውን የተባለ ሰው 140 የሙዚቃ ሸክላዎችን በ698 ዶላር ለመግዛት ተዋዋለ፤ ማጫወቻው ያለ ተጨማሪ ዋጋ ይሰጠዋል። ክፍያው በ36 ወር የሚያልቅ ሲሆን ሸክላዎቹ ግን በጥቂት በጥቂቱ፣ ክፍያው ካለቀ በኋላም ጭምር የሚላኩ ነበሩ። የደረሱት 12 ብቻ ናቸው፤ ሻጩ ኩባንያ ከሰረ። ያን ጊዜ ዩኒኮ የሚባል የገንዘብ ድርጅት ብቅ አለና የዕዳ ሰነዱን ከሻጩ ስለገዛሁት ቀሪውን ክፈለኝ አለ። ስለ ሸክላው አያገባኝም፣ የያዝኩት ወረቀት ነው ማለቱ ነበር። በዘመኑ ሕግ ይህ አነጋገር ያስኬዳል፤ ሰነዱን በቅን ልቡና የገዛ ሦስተኛ ወገን ስለ ዕቃው ጉድለት አይጠየቅምና። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1967 አልተቀበለውም። ዩኒኮ የተቋቋመው ያንኑ ሻጭ በገንዘብ ለመደገፍ ነው፣ ውሉ እንዴት እንደሚዘጋጅ እንኳ እጁ አለበት፣ ስለዚህ ባዳ ነኝ ሊል አይችልም ብሎ ለገዢው ፈረደ።

ዛሬ በሻጩ ገጽ ላይ አርማውን የለጠፈ፣ ዋጋውን በአራት ከፍሎ የሚያሳይ፣ ገዢውን በማስታወቂያ ወደ ሻጩ የሚስብ አበዳሪ ከዩኒኮ በምን ይለያል? እኔ እስከማየው ድረስ የሚለየው በፍጥነቱ ብቻ ነው።

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነገሩን በ1975 በደንብ አጸናው። በደንቡ መሠረት ከሻጭ ጋር ተያይዞ በሚሰጥ የሸማች ብድር ውል ላይ በግልጽ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ውሉን የያዘ ማንኛውም ሰው፣ ገዢው በሻጩ ላይ ሊያነሣ የሚችለው ክስና መከላከያ ሁሉ ይደርስበታል። ሸክላው ካልመጣ ለገንዘብ ድርጅቱም አልከፍልም ማለት ይቻላል እንደማለት ነው። ግሩም ደንብ ነው። ታዲያ የጋሪዋን ባለቤት ለምን አላዳናትም?

መልሱ ያለው «አራት» በምትለው ቁጥር ላይ ነው። በ1968 የወጣው ትሩዝ ኢን ሌንዲንግ አክት የሚባለው ሕግ አበዳሪዎች የብድሩን ወጪ በግልጽ እንዲናገሩ ያስገድዳል። አንዳንድ ሻጮች ታዲያ ወለዱን ዋጋው ውስጥ ይቀብሩና «ወለድ የለንም» ይሉ ጀመር። ይህን ለማክሸፍ የፌዴራል ሪዘርቭ ቦርድ ወለድ ባይኖረውም ከአራት ጊዜ በላይ የሚከፈል ዱቤ ሁሉ በሕጉ ይገዛል ብሎ ደነገገ። ይህም ክርክር ተነሥቶበታል። በ1969 ፍሎሪዳ ውስጥ አንዲት የ73 ዓመት ባልቴት ቤቷ ድረስ ከመጣ ሻጭ የአምስት ዓመት የመጽሔት ደንበኝነት ገዛች፤ ያኔውኑ 3 ዶላር ከ95 ሳንቲም፣ ከዚያም ያንኑ ያህል በየወሩ ለ30 ወር። ድምር ዋጋው ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1973 የአራቱ ደንብ ጸና።

ባልቴቲቱን ለመጠበቅ የተሠራው አጥር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ መሹለኪያ ሆነ። ከአራት በላይ ከሆነ ሕጉ ይገዛዋል፤ ስለዚህ ልክ አራት አድርገው። «በአራት ክፍያ» የሚለው ሽያጭ የተስፋፋው ለኪስ ስለተመቸ ብቻ አይደለም። ወለድ የሌለውና ከአራት የማይበልጥ ዱቤ ከትሩዝ ኢን ሌንዲንግ ያመልጣል፤ የ1975ቱ ማስጠንቀቂያም ትርጓሜውን የሚዋሰው ከዚያው ሕግ በመሆኑ አብሮ ይቀርበታል። በ1974 ለክሬዲት ካርድ ባለቤቶች የተሰጠው መብት፣ ማለትም ስሕተት ያለበትን ሒሳብ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ተቃውሞ እስኪጣራ ያንን መጠን አለመክፈል፣ እሱም እዚህ አይደርስም። ውጤቱ ጉደኛ ነው፦ ወለድ የሚከፈልበት የአሥራ ሁለት ወር ብድር የወሰደ ሰው፣ «በነፃ» ከተበደረው ይልቅ የተሻለ የመከራከሪያ መብት አለው።

በግንቦት 2024 የሸማቾች ቢሮው ቀዳዳውን በትርጓሜ ሊደፍነው ሞከረ። ደንበኛው በመተግበሪያው ላይ የሚከፍተው አካውንት እንደ ክሬዲት ካርድ ይቆጠራል፣ አበዳሪውም እንደ ካርድ ሰጪ፤ ስለዚህ ቅሬታን ማጣራት፣ እስኪጣራ ክፍያውን ማቆም፣ ዕቃ ሲመለስ ዕዳውን መቀነስ ግዴታው ነው አለ። ትርጓሜው ሐምሌ 30 ቀን ሥራ ላይ ዋለ። በጥቅምት የዘርፉ ማኅበር ከሰሰ። መንግሥት ተለወጠ፤ በመጋቢት 2025 ቢሮው ትርጓሜውን ሊሽር እንዳሰበ ለፍርድ ቤቱ አሳወቀ፣ በግንቦት ከሌሎች በርካታ መመሪያዎች ጋር አነሣው። እድሜው ዓመት አልሞላም። የኢንዱስትሪው አንድ መከራከሪያ ግን ሚዛን የሚደፋ ነው፦ በስድስት ሳምንት የሚያልቅን ዱቤ ለወርኃዊ የካርድ ሒሳብ በተሰፋ ልብስ ማልበስ በእርግጥ አይመችም። የማይመች ልብስ ግን ለማሳጠር እንጂ ለማውለቅ ምክንያት አይሆንም።

ፌዴራሉ ሲወጣ ግዛቶች ገብተዋል። ኒው ዮርክ በዚያው ግንቦት 2025 እነዚህን አበዳሪዎች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ አጸደቀ። ካሊፎርኒያ ቀድማለች። አፍተርፔይ እኔ አበዳሪ ሳልሆን የሻጮችን የዱቤ ውል የምገዛ ነኝ ባይ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ግን ሥራውን አይቶ ይህ ያለ ፈቃድ ማበደር ነው አለ፣ ድርጅቱም በ2020 ከ900 ሺህ ዶላር በላይ ለደንበኞች ለመመለስ ተስማማ። የውሉ ስም ማን ነው ሳይሆን ሥራው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ውልን ከመሠረቱ የመሞገት አንድ መንገድ ነው።

ሌላው መንገድ ውሉ ራሱ ተፈርሟል ወይ ብሎ መጀመር ነው። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የኢንተርኔት ውልን የሚመዝኑት ማስታወቂያው ለዓይን ጎልቶ ይታይ ነበር ወይ፣ ሰውየውስ መስማማቱን በማያሻማ አድራጎት ገልጿል ወይ በሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ነው። የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2022 በርማን በተባለው መዝገብ፣ በደቃቅ ግራጫ ፊደል ከቁልፍ አጠገብ የተደበቀ የግልግል አንቀጽ ሰዎቹን አያስርም ብሏል። ትልልቆቹ የዱቤ መተግበሪያዎች ግን ከዚህ ተምረዋል፤ ስክሪናቸው አሁን በዚህ በኩል በቀላሉ አይረታም።

ስክሪኑ ካልተረታ የግልግል አንቀጹ ይመጣል። አብዛኞቹ ውሎች ክርክር በፍርድ ቤት ሳይሆን በግል ገላጋይ ይታያል፣ ደንበኞችም ተሰባስበው በጋራ አይከሱም ይላሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ኮንሴፕሲዮን በተባለው ጉዳይ እንዲህ ያለውን አንቀጽ አጽድቋል። የጠቡ መነሻ «ነፃ» በተባለ ስልክ ላይ የተጠየቀ 30 ዶላር ከ22 ሳንቲም ግብር ነበር። ለ30 ዶላር ብቻውን ግልግል የሚሄድ ማን ነው? ለ60 ዶላርስ? ሰው ትኩር ብሎ የማያያቸው ሁለት በሮች ግን አሉ። ብዙዎቹ ውሎች በተፈረሙ በ30 ቀን ገደማ ውስጥ በጽሑፍ በማሳወቅ ከግልግል አንቀጹ መውጣትን ይፈቅዳሉ፤ የአነስተኛ ገንዘብ ክርክር ችሎትንም ክፍት ይተዋሉ።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ብዙ ሰው ሲናደድ መጀመሪያ የሚያደርገው ለካርዱ ባንክ ደውሎ ክፍያው ይመለስልኝ ማለት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። ባንኩ መዝገቡ ላይ የሚያየው ሻጩን ሳይሆን አበዳሪውን ነው፤ አበዳሪው ደግሞ ብድሩን በእርግጥ ሰጥቷል፣ ገንዘቡም ለሻጩ ደርሷል። ጎማው ተሰበረ አልተሰበረ ለዚያ ሒሳብ ምኑም አይደለም። ይባስ ብሎ አበዳሪው አካውንቱን ሊያግድ ይችላል። የሚሻለው ሌላ መብት ነው፦ በ1978ቱ የኤሌክትሮኒክ ገንዘብ ዝውውር ሕግ፣ አስቀድሞ በተሰጠ ፈቃድ በየጊዜው ከባንክ ሒሳብ የሚነሣን ክፍያ ሦስት የሥራ ቀን ቀድሞ ለባንኩ በማሳወቅ ማስቆም ይቻላል። ዕዳው አይጠፋም፣ የመዘግየት ቅጣትም ሊከተል ይችላል። ይሁንና ገንዘቡ ገዢዋ እጅ ቆየ ማለት ነው። ከዚህ ጋር ለአበዳሪው የሚላከው ጽሑፍ የትዕዛዙን ቁጥር፣ ዕቃው የተመለሰበትን የፖስታ መከታተያ፣ ሻጩ መቀበሉን ያመነበትን ኢሜይልና በተገዛበት ቀን የነበረውን የውል ገጽ ፎቶ ቢይዝ ነገሩ ይጠነክራል። የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል፤ ውሉ በየጊዜው ስለሚሻሻል የሚያስረው የትኛው እንደሆነ ማሳየት የሚችለው ያስቀመጠው ሰው ነው። አንዳንድ መተግበሪያዎች «ዕቃ መልሻለሁ» የሚል ቁልፍ አላቸው፣ ሲነካ ክፍያው ለተወሰነ ጊዜ ይቆማል። ይህ ግን በድርጅቱ ፈቃድ የተገኘ ነው፣ ነገ ቢነሣ የሚጠይቀው የለም።

አለመክፈል ዱሮ በአብዛኛው የሚያስከትለው ቅጣትንና ከመተግበሪያው መባረርን ነበር። ከ2025 ወዲህ አፈርም ብድሮቹን ሁሉ ለክሬዲት መዝጋቢዎች ማሳወቅ ስለጀመረ፣ የተከራከሩበት 60 ዶላር ነገ የቤት ብድር ሲጠየቅ ሊነሣ ይችላል።

ገንዘቡ ማን እጅ ይቆያል የሚለውን ጥያቄ ብሪታንያ በጥሩ ሁኔታ የመለሰችው ገና በ1974 ነው። የሸማቾች ብድር ሕጉ አንቀጽ 75፣ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ለሆነ ዕቃ አበዳሪው ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ነው ይላል። ሆኖም ወለድ የሌለውና በአንድ ዓመት ውስጥ ከአሥራ ሁለት በማይበልጥ ጊዜ የሚከፈል ዱቤ ከቁጥጥሩ ነፃ ስለነበር ክላርናና ክሊርፔይ በዚያ ሾለኩ። እዚህ ላይ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው ያደረገው ነገር መጠናት ያለበት ነው። ብድሩን የመቆጣጠር ሥልጣን ሳይኖረው፣ ስለ ፍትሐዊ የውል ቃል በሚደነግገው የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ ተጠቅሞ በየካቲት 2022 ክላርናን፣ ክሊርፔይን፣ ሌይባይንና ኦፕንፔይን ውላቸውን አስለወጠ። የታረሙት ግዢ ሲሰረዝ ብድሩ ምን ይሆናል፣ ከካርድ በተከታታይ ገንዘብ የሚነሣበት ፈቃድስ እስከ ምን ድረስ ነው የሚሉት ቃላት ነበሩ። ሦስቱ የተወሰኑ የቅጣት ክፍያዎችን ለመመለስም ተስማሙ። ሙሉው ቁጥጥር የሚጀምርበት ቀን ሐምሌ 15 ቀን 2026 ተብሎ ተቆርጧል፤ ያኔ አንቀጽ 75ም ወደ ፋይናንስ እንባ ጠባቂው የመሄድ መብትም አብረው ይመጣሉ።

አውስትራሊያ፣ የአፍተርፔይ አገር፣ ከሰኔ 10 ቀን 2025 ጀምሮ ፈቃድ ማውጣትን አስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረት አዲሱ የሸማች ብድር መመሪያም ከኅዳር 20 ቀን 2026 ጀምሮ ይሠራል፤ የሽያጩን ውል በሕግ የሰረዘ ሰው ተያያዡ ብድርም አያስረውም። በባሕረ ሰላጤው ታቢና ታማራ የሚባሉት አበዳሪዎች ገበያውን ይዘዋል። የሳዑዲ ማዕከላዊ ባንክ በ2023 መጨረሻ ደንብ አውጥቷል፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ግን በዐረብኛና በእንግሊዝኛ በተጻፈ ስክሪን ላይ ነው የሚስማሙት።

እስራኤል የያዘችው መንገድ ለቤተ እስራኤል ቤተሰቦች በቀጥታ የሚጠቅም ነው። በ1981ዱ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በርቀት የተፈጸመ ግዢ በ14 ቀን ውስጥ ሊሰረዝ ይችላል። አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ከገባ አምስት ዓመት ያልሞላው ስደተኛ ከሆነ ደግሞ፣ ግዢው በንግግር (በስልክም ሆነ በጽሑፍ መልእክት) የተደረገ እስከሆነ ድረስ፣ አራት ወር ድረስ ጊዜ አለው። ሕጉ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው በስልክ ሲጣደፍ ምን እንደሚፈርም የሚያውቅ ይመስላል። አሜሪካ እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለም። ካሊፎርኒያ ድርድሩ በተካሄደበት ቋንቋ ውሉ ተተርጉሞ ይሰጥ የምትለው በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በታጋሎግ፣ በቬትናምኛና በኮሪያኛ ብቻ ነው። የዋሽንግተን ዲሲው የ2004 የቋንቋ ሕግ አማርኛ ለሚናገሩ የሚጠቅመው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፣ በሱቅ ውል ላይ አይደርስም።

አገር ቤት ነገሩ ገና ለጋ ነው። ዳሽን ባንክ ከኢግል ላየን ሲስተም ቴክኖሎጂ ጋር ያቀረበው «ዱቤ አለ» ሦስት ወገን ያለውን አሠራር አምጥቷል። የመከራከሪያው መሣሪያ ግን ከምናስበው በላይ የዱሮ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1686፣ አንዱ ወገን ለንግዱ በጠቅላላው ያዘጋጃቸው የውል ቃላት ሌላውን የሚያስሩት ዐውቆ ሲቀበላቸው፣ ወይም በመንግሥት ሥልጣን ሲደነገጉ ወይም ሲጸድቁ ነው ይላል። ቁጥር 1738 ደግሞ እንዲህ ያለ ቃል አሻሚ ሲሆን ላዘጋጀው ሳይሆን ለሌላኛው ወገን ይተረጎም ይላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ማስለወጥን ወይም ገንዘብ ማስመለስን ይፈቅዳል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በስልክ የተደረገ ስምምነት ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል፤ ብሔራዊ ባንክም በ2020 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል።

የሚጎድለው መካከሉ ነው። በዱቤ የተገዛ ፍሪጅ ካልሠራ ገዢው ሻጩን «ግዴታህን ሳትፈጽም ከእኔ አትጠይቅ» ሊለው ይችላል። ባንኩን ግን እንዲህ ማለት ይችላል ወይ? የኦውን ሸክላዎች ያስነሡት ጥያቄ ይኸው አዲስ አበባ ደረሰ። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ጉዳይ ችሎት ሲቀርብ ብዙው ነገር የሚወሰነው በቁጥር 1686 ላይ ይሆናል፤ አበዳሪው «እስማማለሁ» የሚለው ቁልፍ መነካቱን ማስረዳቱ አይበቃውም፣ ዕቃው ቢመለስ ክፍያው ምን እንደሚሆን ደንበኛው በሚያነበው ቋንቋ፣ ከመንካቱ በፊት፣ በዚያው ስክሪን ላይ ተጽፎለት እንደነበር ማሳየት አለበት።